የራስን የሎገር ክላስ መጻፍ፦ የፓይተን ሎጊንግ ሞጁል እንደ ማሳያ

ቪናይ ሳጂፕ እና ትሬንት ሚክ እ.ኤ.አ. በ2002 በፔፕ 282 የነደፉት የሎጊንግ ሞጁል ከፓይተን 2.3 ጀምሮ የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ አካል ነው። ሞጁሉን እንደ ፍላጎት ለማበጀት ከቀረቡት መንገዶች ሰፊው «ሴት ሎገር ክላስ» የተባለው ፋንክሽን ነው፤ ከሎገር የወረሰ ክላስ ይቀበልና ከዚያ ወዲያ የሚፈጠሩት ሎገሮች ሁሉ የዚያ ክላስ እንዲሆኑ ያደርጋል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ፋንክሽኑ ሥራ ላይ መዋል ያለበት ኮዱ ሎገሩን የሚጠራበት መንገድ ራሱ መለወጥ ሲኖርበት ብቻ ነው የሚል ነው።

ለውጡ በአንድ ፋይል አይወሰንም፤ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎች የሚፈጥሯቸውን ሎገሮችም ይነካል። ወደ ኋላ ግን አይሠራም። «ጌት ሎገር» አንድ ስም መጀመሪያ ሲጠየቅ ሎገሩን ፈጥሮ ያስቀምጣል፤ በዚያው ስም እንደገና ሲጠየቅ ያንኑ ኦብጀክት ይመልሳል። ስለዚህ ክላሱ ዘግይቶ ከተመዘገበ፣ ቀድሞ የተፈጠረ «ክፍያ» የተባለ ሎገር የድሮው ክላስ ሆኖ ይቀርና ልጁ «ክፍያ.ደረሰኝ» የአዲሱ ይሆናል። አዲሱን ሜተድ በወላጁ ላይ የጠራ ኮድ ወዲያው በስህተት ይቆማል። የሥሩ ሎገር ሞጁሉ ሲጫን ስለሚፈጠር ከቶም አይለወጥም። ክላሱን በቀጥታ ጠርቶ ሎገር መፍጠር ደግሞ የባሰ ነው፤ እንዲህ ያለው ሎገር ወላጅ ስለሌለው መልእክቱ ሥሩ ላይ ወደተሰቀሉት ሃንድለሮች አይደርስም።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ የለውም። በኢንፎ 20 እና በዋርኒንግ 30 መካከል፣ በደረጃ 25 የሚጽፍ «ኦዲት» የተባለ ሜተድ ጨመርን እንበል። ፎርማተሩ የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር እንዲያወጣ ከታዘዘ፣ ክፍያ ቢሰረዝም ገንዘብ ቢመለስም በሎጉ ላይ የሚታየው አንድ ቦታ ነው፦ ኦዲት ራሱ የተጻፈበት መስመር። ሞጁሉ ጠሪውን ሲፈልግ በስታኩ ላይ ወደ ኋላ እየሄደ የሚዘለው የራሱን ፋይል ብቻ ስለሆነ የእኛን ክላስ እንደ ጠሪ ይቆጥረዋል። ሎግ የሚነበበው ብልሽት በተፈጠረ ሰዓት ነውና የተሳሳተ መስመር ከመስመር አልባነት ይከፋል፤ ፈላጊውን ወደማይመለከተው ኮድ ይመራዋል። ከፓይተን 3.8 ወዲህ መፍትሔው አጭር ነው፦ ኦዲት መደበኛውን የሎግ ሜተድ ሲጠራ «ስታክ ሌቭል»ን 2 አድርጎ ያስተላልፍ። ለሌሎች የሚሰራጭ ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ግን አዲስ ደረጃ ባይፈጥር ይመረጣል፤ 25 በሌላው ላይብረሪ ዘንድ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ክላስ እንዲጻፍ ሰበብ የሚሆኑት ፍላጎቶች ግን አብዛኞቹ ክላስ አይሹም። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የጥያቄ መለያ ቁጥር ለመጨመር ሎገር አዳፕተር፣ ወይም ከ3.2 ጀምሮ ያለው የሎግ ሪከርድ ፋክተሪ ይበቃል። የይለፍ ቃልን ለመሸፈን ፊልተር በቂ ነው። ይህ ፊልተር የሚሰቀለው ግን ሎገሩ ላይ ሳይሆን ሃንድለሩ ላይ ነው፤ ከልጅ ሎገር ወደ ላይ የሚወጣ ሪከርድ በወላጁ ሃንድለሮች እንጂ በወላጁ ፊልተሮች አያልፍምና።