የዕድር አገልጋይ አስተዳደግ በኮልፌ ቀራንዮ

የኮልፌን ስም በውጭ አገር ያስጠራው፣ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት የተቀበሉበት የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከዚያ ሠፈር አጥር ውጭ፣ ያለ መምህርና ያለ ምስክር ወረቀት ሲካሄድ የኖረውን ሌላ ሥልጠና ነው፤ ይኸውም ዕድር አንድን ጎልማሳ እስከ ሽምግልናው ድረስ ያለ ደመወዝ የጎረቤቱ አገልጋይ አድርጎ የሚያሳድግበት መንገድ ነው።

ስለ ዕድር አጀማመር ሊቃውንቱ አንድ ሐሳብ የላቸውም። አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ለሥራና ለንግድ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ጀመሩት ይላሉ፤ ሌሎቹ ከከተማው ኑሮ ራሱ የተወለደ ነው ብለው ይገምታሉ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መስፋፋቱን ግን ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ዘመድ ከዘመድ በተለያየበት ጊዜ ሬሳ የሚያነሣ ጎረቤት ማደራጀት ግድ ነበርና። ጣሊያኖች ያገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ባዛወሩት ጊዜ፣ ከገበያው ባሻገር ያለው የኮልፌ ምድር ከየአገሩ በመጣ ነጋዴ፣ ሸማኔና የቀን ሠራተኛ እየተሞላ ሄደ። ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ልዩ ልዩ የሆኑት እነዚህ ጎረቤታሞች በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ መቀመጥን መልመድ ነበረባቸው።

ዕድር ማንንም «መሪ ሁን» ብሎ አይጀምርም። ወጣቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በትከሻው ነው፤ ድንኳን ይሸከማል፣ ካስማ ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ያመላልሳል፣ ከለቅሶ ቤት ያድራል። አባቱ የሞተ እንደሆነ ስሙ በአባቱ ስም ፈንታ በመዝገብ ይገባል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መዋጮውም መቀጮውም የራሱ ነው። ፊደል የቆጠረ ከሆነ የስም ጥሪው ለእርሱ ይሰጠዋል። ይህ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀረውን ሰው «ቀርቷል» ብሎ ለመጻፍ፣ ያውም የቀረው ሰው ታላቁ ወይም አበዳሪው ሲሆን፣ ልብ ይጠይቃል። በዚህ አድልዎ ያልተገኘበት ሰው ጸሐፊ ይሆናል፤ ሲቆይም ገንዘብ ያዥ፣ በመጨረሻም ዳኛ ወይም ሊቀ መንበር ይባላል። ገንዘብ ያዡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሒሳቡን ያነባል፤ በወር ጥቂት ሳንቲም የምታዋጣ ባልቴትም የፈለገችውን ትጠይቀዋለች። ዳኛውም የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ቀጭውም ተቀጭውም ነገ እንደ ልማዳቸው ቡና ይጠራራሉና፣ ፍርዱ ጎረቤትነትን እንዳያፈርስ መጠንቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ይህ በፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት የሚጀምረው በግዴታ ነው። ያልመጣ ይቀጣል፤ ያልከፈለ ይሰረዛል፤ የተመረጠም እምቢ ማለት ያሳፍረዋል። ግዴታው በዓመታት ውስጥ ልማድ ይሆናል፤ ልማዱም ጠባይ ሆኖ ሰውዬውን ሥልጣኑ ካለፈ በኋላ እንኳ ጥሩምባ በሰማ ቁጥር ከቤቱ ያስወጣዋል። በሴቶች ዕድርም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ወጥ የምትሠራውንና እንጀራ የምታቀርበውን በተራ መመደብ፣ ድስቱንና ሳህኑን ቆጥሮ መረከብ የታወቀ ሹመት ነው፤ ሆኖም ጸሐፍት ስለ ማኅበር አመራር ሲያትቱ ይህን እምብዛም አያነሡም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ወጥቶ ዕድር በጽሑፍ ደንብ እንዲተዳደር ሲገፋፋ፣ የጸሐፊው ሥራ ከበፊቱ ይልቅ ከበደ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ግን የቀበሌ ማኅበር በየሰፈሩ ተቋቋመ፤ የልማቱና የዳኝነቱ ሥራ ወደዚያ ዞረ፤ ዕድርም በቀብር ተወሰነ። ይህ መወሰን የጎዳውን ያህል አድኖታል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ቀበሌው ሥልጣን ስለ ነበረው ተፈራ፤ ዕድሩ ግን ሬሳ ከማንሣት በቀር ሥልጣን ስላልነበረው ታመነ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም አገልጋዮቹ በስፍራቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የኤች አይ ቪ በሽታ የቀብሩን ቁጥር ሲያበዛ፣ ብዙ ዕድሮች ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመና ወላጅ ላጣ ልጅም እንዲረዱ ደንባቸውን አሻሻሉ። በኮልፌ ቀራንዮ ዕድሮች ተባብረው ተስፋ የተባለውን የማኅበራዊና የልማት ማኅበር አቆሙ። በዚያው ዘመን የአመራር ሥልጠና ከአዳራሽና ከውሎ አበል ጋር መጣ። ሥልጠናው የሒሳብ አያያዝንና የዕቅድ አወጣጥን አስተምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አበሉ ከተራ ግዴታ ጋር የማይስማማ ነገር አስገባ፤ ለስብሰባ መቀመጥ ዋጋ ሲያገኝ፣ ድንኳን መሸከም ያለ ዋጋ ቀረ። ለስብሰባ የሚላከውም ሰው ድንኳን ተሸክሞ ያላደገው እየሆነ የሄደበት ስፍራ አለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ዕድርን ከሕጉ ወሰን ውጭ ትቶት ነበር፤ ስለዚህ ታሪኩ የሚገኘው በመንግሥት መዝገብ ቤት ሳይሆን በየጸሐፊው ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ጉዳይ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ከሊቃነ መናብርቱ ቃል አስቀድሞ የስም ጥሪ መዝገቦቹን ይመልከት፤ የአባት ስም በየትኛው ዓመት ተሰርዞ የልጅ ስም እንደ ገባ፣ ያ ልጅ ስንት ቀብር እንደ ቀረ፣ መቀጮውን እንደ ከፈለ ወይም እንዳልከፈለ፣ ከስንት ዓመት በኋላም መዝገቡ በራሱ እጅ ጽሕፈት መጻፍ እንደ ጀመረ ከዚያ ያገኛል።