ከመነዳሪውን ማን አወጣው?

በ1889 አንድ እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ ጎማው ተንፍሶበት ክሌርሞን ፌራን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ወደሚገኘው የሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ ጎራ አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጎማው ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ ስለነበር አላቅቆ መጠገኑ ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ደግሞ ሌሊቱን ማሳደር ግድ ሆነ። በማግስቱ ኤድዋር ሚሽሊን ሊሞክረው ወጣና ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሄደ ጎማው መልሶ ተነፈሰ። ሰውየው ግን አየር ላይ መንዳት ምን ያህል እንደሚመች ቀምሷል። ችግሩ አየሩ ሳይሆን ጎማው በቀላሉ አለመውለቁ እንደሆነም ገብቶታል።

ያ ጎማ ቤልፋስት ውስጥ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም የጆን ቦይድ ደንሎፕ ፈጠራ ነበር። ደንሎፕ በ1887 ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ ሠራ፤ በቀጣዩ ዓመትም የባለቤትነት መብት አገኘ። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ግን ተመሳሳዩን ሐሳብ በ1845 አስመዝግቦት ስለነበር የደንሎፕ መብት ብዙም ሳይቆይ ውድቅ ሆነ። ስሙን ግን ደንሎፕ ወሰደ። እንዲህ ያለው ነገር ለማንም አዲስ አይደለም።

ሚሽሊኖች የሚወልቅ ጎማ ሠርተው በ1891 ለሻርል ቴሮን ሰጡት። ቴሮን ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ የሆነውን 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ውድድር አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ዢየል ላቫል የደንሎፕ ጎማ ነበር የያዘው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ውጭው ጎማ፣ ውስጡ ከመነዳሪ ሆኖ ቀጠለ። ቃሉን እኛ ከጣሊያንኛው «ካሜራ ዳሪያ» ወርሰነዋል፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። «ጎሚስታ»ም ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው።

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከካሊፎርኒያው ማሪን አውራጃ ነው። በ1976 ጥቂት ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ ኮረብታ ይወጡና በአቧራማው መንገድ ቁልቁል ይወዳደሩ ጀመር። ያኔ ስለ ግራም የሚጨነቅ አልነበረም። ጭንቀቱ የመጣው ስፖርቱ ሽቅብ መውጣትን ሲጨምርና አገር አቋራጭ ሲሆን ነው። በ1990 ዱራንጎ ኮሎራዶ ላይ የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ገባ፤ ሆላንዳዊው ባርት ብሬንትየንስና ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞ ወርቁን ወሰዱ።

በእነዚያ ዓመታት ተወዳዳሪው ከውጭ እርዳታ መቀበል አይፈቀድለትም ነበር። ጎማው ከተነፈሰ ጫካ መሀል ቆሞ ራሱ ይጠግናል። አብዛኛው ጎማ የሚተነፍሰው ደግሞ በእሾህ ብቻ አይደለም። ጎማው ድንጋይ ሲመታ እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቅና ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ይቆነጠጣል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል፤ እባብ የነደፈው ነው የሚመስለው። ይህን ለመሸሽ ጎማውን በአየር ማጠንከር ያስፈልጋል። የጠነከረ ጎማ ግን ድንጋይና ሥር ላይ ይዘላል፣ እርጥብ መሬት አይቆነጥጥም፣ ጉልበት ይጨርሳል።

መፍትሔው ቆንጣጩን ነገር ማጥፋት ሳይሆን የሚቆነጠጠውን ማውጣት ሆነ። በ1999 ማቪክ፣ ሚሽሊንና ሃቺንሰን ለተራራ ብስክሌት ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ የቸርኬና የጎማ ሥርዓት ይዘው ወጡ። አሠራሩ ጥሩ ነበር፤ ክብደቱ ግን አልተወደደም። አየር እንዳያሳልፍ የጎማው ውስጥ ተጨማሪ የላስቲክ ሽፋን ስለሚለብስ ከመነዳሪው ሲወጣ የቀነሰው ክብደት በጎማው ተመልሶ ገባ።

ይህን የሰበረው ትልቅ ኩባንያ አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪው ስታን ኮዚያቴክ በ2001 አካባቢ ወተት የመሰለ የላቴክስ ፈሳሽ መሸጥ ጀመረ። ተራውን ቀላል ጎማ ተራው ቸርኬ ላይ አጥልቀህ፣ የራጂዎቹን ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፍነህ ፈሳሹን ስትጨምርበት፣ ፈሳሹ በጎማው ጎን የሚያፈሱትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። እሾህ ሲወጋውም እዚያው ይረጋል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ የልጆች ብስክሌት 20 ኢንች ከመነዳሪ በመቀስ ሰንጥቆ በቸርኬው ላይ እየዘረጋ ቤቱ ይሠራው ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች በኋላ ለዚህ አሠራር የሚስማማ ጎማ ያወጡት ተጠቃሚው ቀድሟቸው ስለሄደ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ስስት ነው። ማክሲስ «ማክስላይት 310» ብሎ የጎማውን ግራም ስሙ አደረገው። ሽዋልቤም «ፊውሪየስ ፍሬድ» የሚባል ከ400 ግራም በታች የሚመዝን ጎማ አወጣ። የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይከብዳል የሚለው አባባል ለዚህ ገበያ ትልቅ ሎሌ ሆኖ አገልግሏል። አባባሉ ፍጥነት ሲጨመር እውነትነት አለው፤ በተስተካከለ ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ግን ግራም ያው ግራም ነው። የእነዚያ ጎማዎች ጎን ወረቀት ያህል ስስ ነበር። ፈሳሹ የመርፌ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ስለታም ድንጋይ የሰነጠቀውን ጎን አይሰፋም።

የ2004 እና የ2008 የኦሎምፒክ አሸናፊው ፈረንሳዊው ዡልየን አብሳሎን በ2012 ለንደን ላይ ሦስተኛ ወርቁን ፍለጋ መጣ። ገና በውድድሩ መጀመሪያ ጎማው ተነፈሰና አቋረጠ። በ2016 ሪዮ ላይ የአስፋልቱ ንጉሥ ፒተር ሳጋን ከኋላ ተነስቶ ወደ መሪዎቹ ከደረሰ በኋላ በጎማ ምክንያት ወደ 35ኛ ወረደ። አራት ዓመት የተለፋበት እግር በአንድ ድንጋይ!

ዛሬ አቅጣጫው ተቀይሯል። በ1990ዎቹ ሁለት ኢንች እንኳ የማይሞላ ስፋት የነበረው የውድድር ጎማ አሁን 2.4 ኢንች ገደማ ደርሷል፤ ብዙዎቹም ከ600 ግራም በላይ ናቸው። በሰፊ ቸርኬ ላይ ሆኖ ከ1.5 ባር ባነሰ አየር ስለሚነዳ መሬቱን ይይዛል። አዋቂ ጎማ መራጭ ሚዛኑን ከማየቱ በፊት የጎማውን ጎን በጣቱ ይዳስሳል። ተመሳሳይ ስም ያለው ጎማ አንዱ ስስ፣ ሌላው የተደረበ ጎን ኖሮት ይሸጣልና። መሬቱ ደረቅና ለስላሳ ከሆነ ዝቅ ያለ ጥርስ ይበቃዋል፤ ድንጋያማ ከሆነ መቶ ግራም ተጨማሪ ይሸከማል። ፈሳሹም በወራት ውስጥ እንደሚደርቅ ያውቃል፤ በሞቃት አየር ደግሞ ይፈጥናል። የደረቀ ፈሳሽ ያለበት ጎማ ያለ ከመነዳሪም ያለ መድኃኒትም መሄድ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋው አልጠፋም። ሐምሌ 2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ በኤላንኩር ኮረብታ፣ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ከመሪዎቹ ጋር እየነዳ ሳለ የፊት ጎማው ተነፈሰ። አሁን ግን ደንቡ ይፈቅድለታልና እስከ መጠገኛው ሥፍራ እየተንገታገተ ደርሶ እግሩ ተቀየረለት። ሲወጣ ከመሪው ከ30 ሰከንድ በላይ ርቆ ነበር። አንድ በአንድ እየቀደመ መጥቶ በመጨረሻው ዙር ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮረትስኪን አለፈውና በ9 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ሦስተኛ የወጣው የደቡብ አፍሪካው አለን ሃዘርሊ ነበር።