የማይተዋወቁ ሰዎች ክርክር፤ ስለ ሎንዶን የቡና ቤቶች

ሰው ከሚያውቀው ሰው ጋራ ሲከራከር ብዙ ነገር ያግደዋል። ከአባቱ ጋራ ቢሆን አክብሮት፥ ከአለቃው ጋራ ቢሆን የእንጀራው ነገር፥ ከጎረቤቱ ጋራ ቢሆን የነገው ማኅበርና የነገው ለቅሶ ይታየዋል። ከማያውቀው ሰው ጋራ ግን እነዚህ ማገጃዎች ስለ ሌሉ አሳቡን እንዳለ ያወጣዋል፤ ክፋቱም ካለበት እንዲሁ እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ መንግሥትና ስለ ዘመኑ ጕዳይ የሚከራከሩበት ስፍራ በተገኘበት አገር ሁሉ፥ አንዳንዱ የዕውቀት ምንጭ፥ አንዳንዱም የሁከት ጎሬ ሲለው ኖሯል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ስፍራዎች አንዱን፥ ከ350 ዓመት በፊት በሎንዶን ከተማ የነበረውን የቡና ቤት ልንመረምር አስበናል። ቡና ቤት ስንል ዛሬ በከተሞቻችን ቢራና አረቄ የሚቀዳበትን ማለታችን አይደለም፤ ሰው በእውነት ቡና ሊጠጣ የሚሄድበትን ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፥ ስለ አገራችን ሕጎች ከምንናገርበት ቦታ በቀር፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቡና ከአገራችን ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ከተሻገረ በኋላ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን የሚኖሩ ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ሲቆሙ እንቅልፍን እንዲያርቅላቸው ይጠጡት ነበር። ከዚያም ወደ መካ በደረሰ ጊዜ ክርክር አስነሣ። በ1511 ዓ.ም. የመካ ሹም የነበረው ኻይር በይ፥ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አይቶ ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ መጠጡን አስከለከለ። በኢስታንቡልም በ1555 ዓ.ም. ገደማ፥ አንዱ ከሐለብ፥ አንዱ ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች ከከፈቱ በኋላ፥ ባለ ቅኔውም ሥራ ፈቱም ሹመት ፈላጊውም በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሱልጣን ሙራድ 4ኛ በ1633 ዓ.ም. ከተማው በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ቡና ቤቶቹን ሁሉ አዘጋ። ቡና እንጨት አያቃጥልም፤ ሱልጣኑን ያሳሰበው ከስኒው ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ቃጠሎው የሚናገረው ሰው መሆኑን ለመረዳት አያስቸግርም።

በሎንዶን የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ዓ.ም. ነው። የከፈተውም ፓስኳ ሮዜ የሚባል፥ ዳንኤል ኤድዋርድስ የተባለ ነጋዴ ከስሚርና ያመጣው አገልጋይ ነበረ። ጌትዮው ቡና እያፈላ እንግዶቹን ሲቀበል የሚመጣው ሰው ቢበዛበትና ሥራ ቢያስፈታው፥ አገልጋዩ ወጥቶ በደጅ እንዲሸጥ ፈቀደለት ይባላል። ጊዜውም የተመቸ ነበረ። እንግሊዞች ከ3 ዓመት በፊት ንጉሣቸውን ቀዳማዊ ቻርልስን በሞት ቀጥተው፥ አገር ያለ ንጉሥ እንዴት እንደምትተዳደር ገና ሲፈልጉ ነበርና፥ በየሰው አፍ ያለው ጥያቄ አንድ ነበረ።

ወደ ቡና ቤቱ የሚገባ ሰው የሚከፍለው 1 ፔኒ፥ ማለት የሺሊንግ 12ኛ እጅ ነው። ይህን ከፍሎ ቡናውን እየጠጣ፥ ጋዜጣ ቢኖር እያነበበ እንደ ልቡ ይቀመጣል። መኳንንቱም ነጋዴውም ጸሓፊውም በረጅሙ ገበታ ላይ ባዶ ሆኖ ባገኘው ስፍራ እንጂ እንደ ማዕርጉ አይቀመጥም። ለሚገባውም ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ወሬ ምን አለ የሚል ነበረ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ ስለ አገር ደኅንነት መጠያየቃቸው የተለመደ ነው።

በ1674 ዓ.ም. የቡና ቤት ሥርዓት ተብሎ በግጥም የታተመ አንድ ወረቀት አለ። ቀልድ ቢጤ አለበት፤ ቢሆንም የዘመኑን ልማድ ያሳያል። ከፍ ያለ ሰው ቢመጣ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣለትም ይላል። ጠብ የጀመረ ሰው ለተቀመጡት ሁሉ ቡና ይግዛ፤ የማለ 12 ፔኒ ይክፈል፤ ውርርድ ቢኖር ከ5 ሺሊንግ አይለፍ ይላል። የሃይማኖትንና የመንግሥትን ነገርም በድፍረት መናገር አይገባም ይላል፤ ይህን የመጨረሻውን ግን የጠበቀው ሰው ያለ አይመስለንም።

ይህን ስናነብ ያባቶቻችን የሙግት ሥርዓት ትዝ ይለናል። በመንገድ የሚሟገቱ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን በንጉሥ አምላክ ብለው ያቆሙታል፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሁለቱንም ቃል ይሰማል። ሰውዬው እንግዳ በመሆኑ ማንም አይንቀውም ነበር፤ ይልቁንም የማንም ዘመድ ባለመሆኑ ይፈለግ ነበር። በላ ልበልሃ እየተባባሉ፥ በማር፥ በፈረስና በበቅሎ እየተወራረዱ ይከራከሩ ነበር፤ ውርርዳቸው ከሎንዶኖቹ 5 ሺሊንግ የከበደ መሆኑ ግልጥ ነው። በትልቁ ችሎትም ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው በማዕርግ ዝቅ ያለው ነው፤ ታላቁ በመጨረሻ ይናገራል፤ ንጉሡም ከሁሉ በኋላ። ምክንያቱም ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የራሱን አሳብ ትቶ የታላቁን ይደግማልና ነው። በ1954 እና በ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕጎች ከወጡ ወዲህ ሙግት ሌላ መልክ ይዟል፤ ይህም ለፍትሕ የሚበጅ ሆኖ ሳለ፥ የመናገሩ ተራ ግን አብሮ መቅረቱ ያሳዝነናል። ዛሬ በብዙ ስብሰባ አለቃው ተናግሮ ይጀምራል፤ የቀረውም ሰው የተባለው ትክክል ነው በማለት ይጨርሳል።

ወደ ሎንዶን እንመለስ። ከ1659 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፥ ኦሺአና የተባለውን መጽሐፍ በ1656 ዓ.ም. ያሳተመው ጄምስ ሐሪንግተን፥ በዌስትሚንስተር ማይልስ በሚባል ሰው ቡና ቤት በየማታው ጉባኤ ያደርግ ጀመረ። ጉባኤው ሮታ ይባል ነበር። ገበታው እንደ እንቍላል የሞላለለ ሆኖ፥ ባለቤቱ ቡናውን እንዲያድል መካከሉ ተከፍቶለት ነበር። የሚከራከሩበትም ነገር የአገር አስተዳደር ነው፤ ሹም በየስንት ጊዜ ይለወጥ፥ ርስት በጥቂቶች እጅ ሲከማች መንግሥት ምን ይሆናል የሚል ነበር። ክርክሩ ሲያልቅ ድምፅ የሚሰጠው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ኳስ በመጣል ነው፤ ስለዚህ ማን በየትኛው ወገን እንደ ቆመ አይታወቅም። የዕለት ማስታወሻ በመጻፍ ስሙ የታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በጃንዋሪ 1660 ዓ.ም. ተገኝቶ ሰምቷል። ጉባኤው ግን ብዙ አልቆየም፤ በፌብሩዋሪ ተበተነ፤ በግንቦት ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ ሐሪንግተንም በ1661 ዓ.ም. ታሰረ።

ንጉሡ ግን ሮታን ቢያጠፋም ቡና ቤቱን ማጥፋት አልሆነለትም። በ1666 ዓ.ም. ሎርድ ክላረንደን ቡና ቤቶቹ ይዘጉ ብሎ አሳብ ባቀረበ ጊዜ፥ ሰር ዊልያም ኮቨንትሪ የተባለው አማካሪ ተቃወመ። የተቃወመበትም ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ቡና ለግምጃ ቤቱ ቀረጥ ያስገባል፤ ሁለተኛ፥ በክሮምዌል ዘመን የንጉሡ ወዳጆች ራሳቸው በልብ ያለውን በድፍረት ይነጋገሩ የነበሩት በቡና ቤት ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል እጅግ ያስደንቀናል። ዛሬ የሚያስፈራን ስፍራ ትናንት መጠጊያችን ነበረ ብሎ በምክር ቤት የሚያስታውስ ሹም በየዘመኑ አይገኝምና።

ከ9 ዓመት በኋላ ግን አሳቡ እንደ ገና ተነሣ። በዲሴምበር 29 ቀን 1675 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቡና ቤቶች ሁሉ ከጃንዋሪ 10 ጀምሮ እንዲዘጉ አዘዘ። ምክንያቱም ሥራ ፈቶችና ቅር የተሰኙ ሰዎች ተሰብስበው መንግሥትን የሚያሳጣ የሐሰት ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። የቡና ቤት ባለቤቶች ቡናቸውን ገዝተው አከማችተው ነበርና አቤቱታ አቀረቡ፤ የከተማውም ሰው፥ የንጉሡም ወገን የሆነው ሳይቀር፥ አጕረመረመ። በጃንዋሪ 8፥ ገና ሊሠራበት 2 ቀን ሲቀረው፥ ዐዋጁ ተነሣ። ባለቤቶቹ መጥፎ ወሬ እንዳያስነግሩ ዋስ ጠርተው ለ6 ወር ያህል ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን የመዝጋቱ ነገር በከንቱ ቀረ።

መንግሥት ስለ ሐሰት ወሬ የተናገረው ነገር ከንቱ ነበረ አንልም። በ1678 ዓ.ም. ቲቶ ኦትስ የሚባል ሰው ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ ዶልተዋል ብሎ ፈጥሮ ተናገረ፤ ወሬውም በየቡና ቤቱ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ፤ ከ10 የሚበልጡ ንጹሓን ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ነገር ግን ልብ ማድረግ የሚገባን አለ። ይህ ሐሰት በመሐላ ጸንቶ የሰው ነፍስ ያጠፋው በቡና ቤት ገበታ ላይ አልነበረም፤ ሸንጎውና ፍርድ ቤቱ ስለ ተቀበሉት ነው። ኦትስ በሐሰት መመስከሩ ተረጋግጦ የተቀጣው በ1685 ዓ.ም. ነው።

የገበታውም እኩልነት ሙሉ አልነበረም። ሴቶች በቡና ቤት ያገለግሉ፥ አንዳንዶቹም ባለቤት ይሆኑ ነበር እንጂ በክርክሩ ተካፋይ አልነበሩም። በ1674 ዓ.ም. በሴቶች ስም በቡና ላይ የታተመ አቤቱታም አለ፤ የጻፉት ሴቶች መሆናቸው ግን ያጠራጥራል።

ከዚያ ወዲህ ቡና ቤቶቹ እንደ ጠጪዎቻቸው ተለያዩ። የመርከብ ነጋዴዎች ወደ ኤድዋርድ ሎይድ ቤት ሄዱ፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ ኢንሹራንስ ከዚያ ወጣ። ደራስያን ወደ ዊልስ ቤት ሄዱ። በ1709 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቲል ታትለር የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር ወሬውን በቡና ቤቶች ስም ከፋፍሎ ያወጣ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ከታወቁት ቤቶች አንዳንዶቹ በራቸውን እየዘጉ የተመረጡ ሰዎች ማኅበር ሆኑ። ዋይትስ የሚባለው በ1693 ዓ.ም. የቸኮላት ቤት ሆኖ ሲከፈት የሚከፍለው ያለው ሁሉ ይገባበት ነበር፤ በኋላ ግን አባላቱ ያልፈቀዱለት ሰው ደጁን አይረግጥም። አዲስ ሰው ለመግባት ሲጠይቅ አባላቱ በሣጥን ውስጥ በስውር ኳስ ይጥሉለታል፤ ጥቍር ኳስ የተገኘበት እንግዳ ይመለሳል።