የካናዳ ደራስያን በኬ. ዲ. ላንግ ድምፅ

በአልበርታ የተወለደችው ድምፃዊት ኬ. ዲ. ላንግ እ.ኤ.አ. በ2004 «የ49ኛው ኬክሮስ መዝሙሮች» የተባለ አልበም አወጣች። ስሙ ምዕራብ ካናዳን ከአሜሪካ የሚለየውን የድንበር መስመር ያመለክታል። ከ11ዱ ዘፈኖች አንዱን ራሷ ከባስ ተጫዋቹ ዴቪድ ፒልች ጋር ደርሳዋለች፤ ቀሪዎቹ የአገሯ ልጆች ሥራዎች ናቸው። ከሊዮናርድ ኮኸን፣ ከጆኒ ሚቼልና ከኒል ያንግ ሁለት ሁለት፣ ከብሩስ ኮበርንና ከሮን ሴክስስሚዝ አንድ አንድ ወስዳለች። ከካናዳ ውጭ እምብዛም የማትታወቀው ጄን ሲቤሪም ሁለት ድርሻ አግኝታለች፤ የምርጫው ድፍረት ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ፒያኖና ባለ ክር መሣሪያዎች ዜማውን ያጅባሉ። የገነነው የኮኸን «ሃሌሉያ» ነው፤ ላንግ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻም ዘፍናዋለች።