ጫት፣ ቡና እና የአስም መድኃኒት በይፋት ቆላ

በአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ መራዴን ይዤ ጫት እተክልባታለሁ እያለ ይፎክራል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1332 ገደማ ሲሆን፣ ስለ ጫት ከተጻፉት ቀደምት መረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። ጸሐፊው ፉከራውን የመዘገበው የጠላትን ትዕቢት ለማሳየት እንጂ ስለ ዕፅ ለማስተማር አልነበረም፤ ምስክርነቱንም ታማኝ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ጫት በይፋት ሰው ዘንድ ባይወደድ ኖሮ ፉከራው ትርጉም አይኖረውም ነበር። ዛሬም ጫት በይፋት ቆላ ካለችው ከሸዋሮቢት ገበያ አልጠፋም፤ ቡናውም በየቤቱ ይፈላል። ለአስም የተሠሩት የሁለት ዋና ዋና መድኃኒት ቤተሰቦች ዘመዶች እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ልማዶች ውስጥ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ኤፌድሪንን ጃፓናዊው ናጋይ በ1885 ከቻይናው ማ ሁዋንግ ተክል ለየው፤ ቼንና ሽሚት በ1924 ስለ ጠባዩ ካሳተሙ በኋላም በየአገሩ ሐኪም ቤት ገባ። የቡናው ካፌይን ደግሞ ኮሰል በ1888 ከሻይ ቅጠል ያገኘው የቲኦፊሊን ወገን ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሳልተር ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ለአስም ወፍራም ቡና ያዝዝ ነበር። ኋላ ኤፌድሪንና ቲኦፊሊን በአንድ ክኒን ተዋሕደው በአገራችንም ሲሰጡ ኖረዋል። ታዲያ የይፋት ሰው መድኃኒቱን ቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው? አይመስለኝም። ዜና መዋዕሉ ጫትን ሲያነሳ ስለ ትንፋሽ ምንም አይልም፤ ዘመድ መሆንም አንድ መሆን አይደለም። ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። የቲኦፊሊን የሚጠቅመውና የሚጎዳው መጠን ይቀራረባሉ፤ ሲበዛ ያስመልሳል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ አልፎም ያንዘፈዝፋል። የቲኦፊሊን ዓይነት የሆነው አሚኖፊሊን በደም ሥር ሲሰጥ ነርሷ ሰዓት እያየች ቀስ የምታደርገው ለዚህ ነው፤ ማንም ቃሚ ደግሞ እንዲህ ያለ ልክ ይዞ አያውቅም።

ሳልቡታሞል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ መጥቶ ሁለቱንም ወደ ዳር ስላወጣ ይህ ሁሉ ያለፈ ወሬ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በከፊል ልክ ነው። በአፍ የሚሳበው የሳልቡታሞል ፓፍ በይበልጥ የሚሠራው የመተንፈሻ ቱቦን በሚያላሉት ተቀባዮች ላይ ነው። ይሁንና እጅ ማንቀጥቀጡና ልብ ማስመታቱ አልቀረም፤ ከሰዓት በኋላ ሲቅም ውሎ የመጣ በሽተኛ ልቡ ሲመታ፣ ፓፉ ይሁን ጫቱ ሳይጠይቁ መለየት አይቻልም። በትንባሆ እርሻዋ በምትታወቀው ሸዋሮቢት ሦስተኛም ነገር አለ፦ የሲጋራ ጭስ ጉበት ቲኦፊሊንን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ አጫሹ ማጨስ ሲያቆም የለመደው መጠን ይበዛበታል። «ጫት ይቅማሉ?» ማለት ገመና መግባት ነው የሚሉም አይጠፉም። በከተማ መሥሪያ ቤት እውነት ሊሆን ይችላል። ለእንግዳ ጫት በሚቀርብበት የይፋት ቤት ግን፣ «ቡናስ ስንት ሲኒ ይጠጣሉ?» ከሚለው ጋር አብሮ ሲጠየቅ ማንም አይቀየምበትም።