የቀረብን ጥቅም

ከእብናት መናኸሪያ ወደ አዲስ ዘመን ገበያ ዶሮ ይዛ የምትሄድ እናት እንውሰድ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው። አውቶቡሱ ረከስ ይላል፤ ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። አውቶቡሱን መረጠች። ስትደርስ ገዢው ተበትኗል። ማታ ጎረቤት ቢጠይቃት «ሃያ ብር አተረፍሁ» አትልም፤ «ገበያው ቀረብኝ» ነው የምትል።

ኢኮኖሚስቶች «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የሚሉት ይህንኑ ነው፦ አንዱን ስንመርጥ ከተውናቸው አማራጮች የተሻለው ይሰጠን የነበረውን ጥቅም። የሁሉንም ድምር አይደለም፤ የአንዱን፣ የተሻለውን።

«የዕድል ዋጋ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ እኔ አልወደውም። ዕድል ከሎተሪ ጋር ይመጣል። «ወጪ»ም አይሆንም፤ ወጪ ከኪስ ይወጣል፣ ይሄ ግን ኪስ ገብቶም አያውቅ። «የቀረ ጥቅም» ቢባል የተረፈ ይመስላል፤ የሚኒባሱ ረዳትም «አንድ ሰው ቀረ!» ይላል። ስለዚህ «የቀረብን ጥቅም» እላለሁ። «ብ» ትጥበቅ፤ ከላላች «ተጠጋን» ማለት ይሆናል። የጉዳቱ ትርጉም ያለው በጠበቀችው «ብ» ላይ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ይህ ወጪው ነው። የቀረብን ጥቅምስ? ለስሌት ያህል አንድ አውቶቡስ 200 ሺህ ዶላር ነው ብንል፣ ገንዘቡ 2,375 አውቶቡስ ይገዛ ነበር።

ይህን ይዞ ባቡሩን ለመኮነን መቸኮል ግን ደግ አይደለም። አውቶቡስ ቶሎ ያረጃል፤ ነዳጁ በዶላር ይገባል፤ ባቡሩ በአገር ኤሌክትሪክ ይሄዳል። የራሱ መስመር የሌለው አውቶቡስም ከቤት መኪና ኋላ ተሰልፎ ይውላል። የባቡሩ እውነተኛ ተፎካካሪ ከዊንጌት ጀሞ እንደታቀደው ያለ፣ መስመር የተለየለት ፈጣን አውቶቡስ ነው። ደግሞስ ለባቡር የመጣ ብድር ለአውቶቡስ ይሰጥ ነበር ወይ? በእጃችን ያልነበረ አማራጭ «ቀረብን» አይባልም።

በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ሳለ፣ ለጥገና 60 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተነገረ። 475ቱ ሚሊዮን ያን ጊዜ ከሂሳቡ ወጥቷል፤ ተመልሶ አይመረጥም። የሚመዘነው ስድሳው ነው፦ ይጠገንበት ወይስ አውቶቡስ ይገዛበት? እናቲቱም ማምሻውን ከአውቶቡሱ ጋር ሙግት የላትም፤ ዶሮዋን አርክሳ ትሽጥ ወይስ ይዛ እብናት ትመለስ ነው ጭንቋ።