የጉልበት ሕመም ሕክምና በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

የጉልበት ልም አጥንት በዕድሜ፣ በክብደትና በጉዳት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ሕመም በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ‘ቁርጥማት’ እየተባለ ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች ጋር ተደባልቆ ሲታከም ኖሯል። የታወቀው መታከሚያ ፍልውሃ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት ስለነበር እቴጌ ጣይቱ በአቅራቢያው ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ዙሪያ ነው። ሙቅ ውሃ የደነደነ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምንም ለጥቂት ሰዓታት ያስታግሳል፤ የተሸረሸረ ልም አጥንትን ግን አይመልስም።

ቦሌ፣ ገርጂና ኮተቤ ያን ጊዜ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ። ጉልበቱ የታመመ ገበሬ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነበር፤ ወጌሻውም መገጣጠሚያውን በቅቤ ያሽ ነበር። በቤት ደግሞ አብሽ፣ ተልባና የቅልጥም መረቅ ለአጥንት ብርታት ይሰጣሉ ተብሎ ይታመን ነበር። የኑሮው ልማድ ጉልበትን በብዙ መንገድ ይፈትን ነበር፦ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት፣ በሰሙነ ሕማማት ደጋግሞ መስገድ። ሆኖም የዚያው ኑሮ የእግር ጉዞ የጭን ጡንቻን ያጠነክር ነበር፤ ጠንካራ ጡንቻም ከጉልበት ላይ ጫና ያቃልላል። ከባህላዊው እንክብካቤ ሁሉ ትልቅ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባው ማንም እንደ መድኃኒት ያልቆጠረው ይህ የእግር ጉዞ ነው።

በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ሰፈሩ ተለወጠ፤ ቪላና አስፋልት መጣ፣ በኋላም መኪናና ፎቅ በዛ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመላለሱ ዘመዶች በሻንጣቸው ቫይታሚን፣ ኦሜጋ 3 እና ለመገጣጠሚያ ይረዳል የሚባለውን ግሉኮሳሚን ለወላጆቻቸው ማምጣት ጀመሩ። የቦሌ ፋርማሲዎችም እነዚህን ብልቃጦች መደርደሪያቸው ላይ አኖሩ። ግሉኮሳሚንን እ.ኤ.አ. በ1876 ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሌደርሆዘ ሲሆን፣ በአሜሪካ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት ነው፤ በኦርቶዶክስ ሥርዓት እነዚህ እንስሳት ስለማይበሉ ይህ ለእናትና ለአባት አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፦ ግሉኮሳሚን የመድማትን አደጋ ሊጨምር ይችላል።

የብልቃጡ ተስፋ ሲፈተሽ ግን ሳስቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመውና 1,583 ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ግሉኮሳሚንና ሌላው የመገጣጠሚያ ማሟያ ኮንድሮይቲን በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ከባዶ ክኒን የተለየ ውጤት አላሳዩም፤ ሕመሙ በጠናባቸው ጥቂቶች ላይ ብቻ ጥምረቱ የሚረዳ መሰለ። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪው ስቲቨን መሲየርና ባልደረቦቹ 89 አረጋውያንን ይዘው ክኒኑን ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጋር አጣመሩት። ክኒኑ ከባዶው ክኒን የሚበልጥ ጥቅም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ መሲየርና ባልደረቦቹ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን 454 ሰዎች ለ18 ወራት ተከታተሉ፤ አመጋገብን አስተካክለው እንቅስቃሴንም የሠሩት እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት ያነሰ ሕመም ነበራቸው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ለጉልበት እንቅስቃሴን አጥብቆ ሲመክር፣ ግሉኮሳሚን እንዳይወሰድ በዚያው ልክ አጥብቆ መክሯል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ እንቅስቃሴ ራሱን የቻለ ልማድ የሆነው በቅርብ ጊዜ ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ 10,000 ተሳታፊዎችን አሰለፈ። በቦሌ ጂሞች ተከፈቱ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ‘መንገድ ለሰው’ የተባለው መርሐ ግብር ዋና ዋና ጎዳናዎችን በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ዘጋ። በዚያው አካባቢ ሕክምናውም ተስፋፋ፦ በገርጂ ሕዝቡ ‘ኮሪያ ሆስፒታል’ የሚለው ተቋም ሥራ ጀመረ፤ ከአካባቢው ውጭም ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ አስመረቁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ለታመመ ጉልበት የሚያዘው ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ በለጥ ባለ ሜዳ መራመድ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቢያም ጉልበቱ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ልምምዱ ሲቋረጥም ጥቅሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል።